ፍሰት ሲሙሌሽን ልማር ወይ ላልሽኝ

ሰላም እህቴ፣ ጥያቄሽን አንብቤዋለሁ። ፊዚክስ ጨርሰሻል፣ ፓይተን ትንሽ ትሞክሪያለሽ፣ አሁን ደግሞ ቀዳዳ ባለው ድንጋይ ውስጥ ፈሳሽና ደቃቅ ብናኝ እንዴት እንደሚጓዝ በኮምፒውተር ማስላት ወደሽዋል፣ ግን ስራ አለው ወይ፣ ሶፍትዌርስ የቱን ልማር ነው ያልሽኝ።

ስራ አለው። ግን ከሶፍትዌር በፊት ስኬሉን፣ ማለትም ድንጋዩን ምን ያህል ቀርበሽ እንደምታዪው ወስኚ፣ ምክንያቱም ፊልዱ ከውጭ አንድ ይምሰል እንጂ ውስጡ ሁለት ነው። አንደኛው ወገን ድንጋዩን በማይክሮ ሲቲ ስካን (ውስጡን በኤክስሬይ) አንስቶ እያንዳንዷ ቀዳዳ ውስጥ ያለውን ፍሰት ላቲስ ቦልዝማን በሚባል የስሌት ዘዴ ወይ ኦፐንፎም በሚባል ሶፍትዌር ያሰላል፣ ብናኟ የት ተለጠፈች፣ የትኛውን ጠባብ መተላለፊያ ደፈነች የሚለውን ያያል፣ ይሄ ባብዛኛው የሪሰርች ስራ ስለሆነ ፒኤችዲ ይጠይቅሻል። ሌላው ወገን ቀዳዳዎቹን ለየብቻ አያያቸውም፣ ዳርሲ እ.ኤ.አ. በ1856 ያወጣውን፣ ውሃ ቀዳዳ ባለው ነገር ውስጥ በምን ያህል ፍጥነት እንደሚያልፍ የሚያሰላ ህግ ይዞ ኪሎሜትሮችን ነው የሚያሰላው፣ የተበከለ የከርሰ ምድር ውሃ ወዴት ይሄዳል፣ ጂኦተርማል (የምድር ውስጥ ሙቀት)፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ መሬት ስር ማከማቸት ምናምን። እዚህ በማስተርስም ይገባል፣ ሞድፍሎውና ሞድፓዝ የሚባሉት የከርሰ ምድር ውሃ ሶፍትዌሮች ደግሞ በነፃ ስለሚወርዱ ዛሬ መጀመር ትችያለሽ።

አንቺን የሳበሽ ብናኙ ከሆነ ግን ኬሚስትሪ እንዳትዘይ!! ብናኙን ውሃው ብቻ አይደለም የሚነዳው፣ የብናኙና የድንጋዩ ገጽ የኤሌክትሪክ ቻርጅ አላቸው፣ የውሃው ጨው ሲቀንስ ተጣብቆ የነበረ ደቃቅ ሸክላ ይላቀቅና ወደፊት ሄዶ መተላለፊያውን ይዘጋዋል፣ ድንጋዩም ውሃ ማሳለፉ ይቀንሳል። ይሄን የሚያውቅ ኮድ ጻፊ ብዙ አይገኝም፣ ለዛ ነው አጥብቄ የምነግርሽ።

አሁን አንድ ነገር ስሪ። ኬሚካል በፍሰት ሲሄድና ሲበተን የሚያሳየውን እኩልታ በአንድ አቅጣጫ ብቻ በፓይተን ራስሽ ጻፊው፣ ከዛ የዚሁን እኩልታ መልስ በቀመር ከሚሰጠው፣ እ.ኤ.አ. በ1961 ከወጣው የኦጋታና ባንክስ ቀመር ጋር አወዳድሪው። የኬሚካሉ የፊት ጠርዝ ከሚገባው በላይ ደብዝዞ ካየሽው ግሪዱን (ስሌቱ ርቀቱን የሚከፋፍልበትን ክፍል) በግማሽ አሳንሺው፣ መደብዘዙ ከቀነሰ የስሌቱ ዘዴ ስህተት ነው እንጂ የተፈጥሮ መበተን አይደለም። ኢንተርቪው ላይ ይሄን ለይቶ ማስረዳት የሚችል ሰው አስር ሶፍትዌር ሲቪው ላይ ከደረደረ ሰው ይበልጥብኛል፣ ቆንጆ ከለር ያለው ምስል ማንም ያወጣል እኮ።

ኮዱንና ግራፉን ጊትሀብ ላይ ጫኚና ሊንኩን ላኪልኝ፣ ሲቪሽን እሱን ይዘን እናስተካክለዋለን።