ይፈሳል ብላችሁ ሥሩ

ሰሞኑን አንድ ልጅ ደወለልኝ። ሃያ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። "ጋሼ፣ ቤቴ ውስጥ ሪፍ አኳሪየም ልሠራ ነው። ገንዳውን ገዝቻለሁ፣ ካቢኔቱን ራሴ ነው የምሠራው። ምን ዓይነት እንጨት ይሻለኛል?" አለኝ። ስለ እንጨቱ ከማውራቴ በፊት አንድ ነገር ጠየቅሁት። "መብራት ሲጠፋ ስንት ሊትር ውሃ ወደ ታች ይወርዳል?" ዝም አለ። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ያ ዝምታ ነው።

እኔ አናጺ ነኝ። መርካቶ ኮላ እያሞቅሁ ጀምሬ፣ ላለፉት ሠላሳ ምናምን ዓመታት ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ውስጥ የኩሽና ካቢኔት ስገጥም ኖሬአለሁ። ወደ አኳሪየም የገባሁት ሳላስበው ነው። ኩሽናውን የሠራሁለት አንድ ሐኪም "ለዓሣዎቼም ሥራልኝ" አለኝ፣ ሠራሁለት፣ ጓደኛው አየው፣ በቃ በዚያው ቀረሁ። የባሕር ሊቅ አይደለሁም። የማውቀው ከገንዳው በታች ያለውን ነው።

ለማያውቀው ባጭሩ ልንገር። ሪፍ አኳሪየም የጨው ውሃ ነው። በኪሎ 35 ግራም ያህል ጨው ይገባበታል፣ ሙቀቱም 25 እና 26 ዲግሪ ላይ ይያዛል። ውስጡ ኮራል ይኖራል። ኮራል ሲያዩት ድንጋይ ወይም አበባ ይመስላል እንጂ እንስሳ ነው። ሥጋው ውስጥ በዓይን የማይታዩ አልጌዎችን አስጠግቶ ያኖራል፣ እነሱ ደግሞ ከብርሃን ምግብ ይሠሩለታል። ስለዚህ ኃይለኛ መብራት፣ የሚናወጥ ውሃና ብዙ ማጣሪያ ይፈልጋል። ያ ሁሉ ማሽን ሳሎን ውስጥ ተገትሮ እንዳይታይ ከሥር ያለው ካቢኔት ውስጥ ይገባል። እዚያ ሳምፕ የሚሉት ሁለተኛ ገንዳ አለ። ውሃው ከላይ ሞልቶ በቱቦ ወደ ሳምፑ ይወርዳል፣ ይጣራል፣ ከዚያ ፓምፕ መልሶ ወደ ላይ ይገፋዋል። ቀንና ሌሊት። እንግዲህ አስቡት፣ የምትሠሩት የእንጨት ሳጥን በላዩ ውሃ፣ በሆዱ ውሃ፣ በመሃሉ ደግሞ ኤሌክትሪክ የተሸከመ ነው። የቴሌቪዥን ማስቀመጫ የሠራ ሁሉ ይህን መሥራት አይችልም። እኔም አልቻልኩም ነበር።

ሦስተኛው ሥራዬ ላይ ነው። ገንዳው 120 ጋሎን፣ ማለትም 454 ሊትር ነው። ርዝመቱ አራት ጫማ፣ ወርዱ ሁለት፣ ከፍታው ሁለት። ካቢኔቱን ከኤምዲኤፍ፣ ከተጨመቀ የእንጨት ብናኝ ሰሌዳ፣ ሠርቼ ነጭ ቀለም ስቀባው እንደ መስታወት አበራ። ቧንቧውንም እኔው ገጠምኩት። ውሃውን ወደ ላይ የሚመልሰውን ቱቦ አፍ ከውሃው ፊት 12 ሴንቲ ዝቅ አድርጌ አስገባሁት። ለምን ብትሉ፣ እንዳይታይ ብዬ። እንዲያምር ብዬ።

በሁለተኛው ሳምንት የበጋ ነጎድጓድ መጣና ሰፈሩ በሙሉ መብራት ጠፋበት። ፓምፑ ሲቆም ያው ቱቦ ወደ ኋላ መሳብ ጀመረ፣ ልክ ሹፌሮች በጎማ ቤንዚን ስበው እንደሚቀዱት። አፉ አየር እስኪያገኝ ድረስ አያቆምም፣ አየር የሚያገኘው ደግሞ 12ቱ ሴንቲ ሲያልቅ ነው። ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ርዝመት 122 ሴንቲ፣ ወርድ 61፣ የወረደው 12። 89 ሊትር ይመጣል። ሳምፑ ላይ የነበረው ባዶ ቦታ 35 ሊትር ነው። የተረፈው 54 ሊትር የጨው ውሃ የት ይሄዳል? የሰው የኦክ ወለል ላይ ነዋ!

ስልክ የተደወለልኝ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ነው። ደርሼ የካቢኔቱን በር ስከፍት የኤምዲኤፉ ግርጌ ሻይ ውስጥ እንደተነከረ ዳቦ አብጧል። በጣቴ ጫን ሳደርገው ሰረገደ። የቤቱ ባለቤት አልጮኸችብኝም። ተንበርክካ በፎጣ ታደርቃለች፣ ፎጣውን ባልዲ ውስጥ ትጨምቃለች፣ መልሳ ታደርቃለች። ብትጮኽብኝ ይሻለኝ ነበር። ወለሉን ከኪሴ ቀየርኩ፣ ካቢኔቱንም እንደገና ሠራሁ፣ የሦስት ወር ገቢዬ በዚያ አለቀ። መርካቶ ያስተማሩኝ ሽማግሌ እንጨት አሳጥሬ በቆረጥኩ ቁጥር "ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ" ይሉኝ ነበር። ያን ሌሊት አስታወስኳቸው።

ከዚያ ወዲህ "ባይፈስስ" ብዬ ሠርቼ አላውቅም። ይፈሳል ብዬ ነው የምነሳው። ቱቦ ይሰነጠቃል፣ መብራት ይጠፋል፣ ባለቤቱ ቧንቧ ከፍቶ ስልክ ያነሳና ይረሳዋል (ይህኛው ከሁሉም ይበዛል)። ስለዚህ የእኔ ጥያቄ ሲፈስ የት ይሂድ የሚል ነው።

የቱቦውን አፍ ሁለት ሴንቲ ብቻ አጥልቁት። ያኔ የሚወርደው 15 ሊትር ገደማ ነው። የሚታይ ከሆነ ይታይ። አንዳንዱ ቱቦው ላይ ትንሽ ቀዳዳ ይበሳል፣ ውሃው ዝቅ ሲል አየር እንድትስብ። ጥሩ ነው፣ ግን ቀዳዳዋን አልጌ ይደፍናታል። ሌላው ውሃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚከለክል ቫልቭ ይገጥማል። እሱም ጥሩ ነው፣ ግን አንዲት ቀንድ አውጣ ገብታበት ሳይዘጋ ሲቀር በዓይኔ አይቻለሁ። ሁለቱንም አድርጉ፣ ከዚያ ሁለቱም ከድተዋችኋል ብላችሁ ሳምፑ ላይ ቦታ ተዉ።

አሁን ወደ እንጨቱ። እኔ ዋንዛ ሲላግ በሚወጣው ሽታ ያደግሁ ሰው ነኝ፣ ኮምፔንሳቶ ስትሉኝ ድሮ ፊቴን አዞር ነበር። ግን ለዚህ ሥራ ድፍን ጣውላ አይሆንም። እርጥበት ሲመጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ይጣመማል። ለበሩና ለፊቱ ጌጥ የፈለጋችሁትን እንጨት አድርጉ። ሸክሙን የሚችለው አካል ግን 18 ሚሊ የበርች ኮምፔንሳቶ ይሁን፣ ባልቲክ በርች የሚባለው፣ አሥራ ሦስት ስስ ሽፋን እርስ በርሱ እየተሻገረ የተጣበቀበት። ኤምዲኤፍና ችፑድ አንዴ ውሃ ከጠጡ አለቀላቸው፣ ቢደርቁም ወደ ልካቸው አይመለሱም።

በርችም ቢሆን ዳሩ ደካማ ነው። የተቆረጠ ዳር እንደ ገለባ ነዶ ነው፣ በዚያ በኩል ነው የሚጠጣው። ውስጡን በሙሉ ሁለት ጊዜ ኢፖክሲ፣ ሲደርቅ የሚጠነክረውን ውሃ የማያስገባ ሙጫ፣ ቀቡ፣ ዳሩን ሦስት ጊዜ። ወጣቶች ሁልጊዜ የሚረሱት ቱቦ የሚያልፍበትን ቀዳዳ ነው። ሰሌዳውን አሳምረው ይቀቡና በመጨረሻ ቀን በመሮና በመጋዝ ቀዳዳ ከፍተው ቱቦ ይሰካሉ። ያ ቀዳዳ ዙሪያው ጥሬ እንጨት ነው! ትንሽ ብሩሽ ውሰዱ፣ ቀዳዳውን በውስጥ በኩል አዙራችሁ ቀቡ፣ ጣታችሁን ወደ ውስጥ ሰዳችሁ ሸካራ ቦታ ካለ ፈትሹ። ጣት ከዓይን ይሻላል።

ወለሉን እንደ ትሪ አድርጉት። ዙሪያውን አምስት ሴንቲ ከፍ የሚል ጠርዝ፣ ማዕዘኖቹ በሲሊኮን የተዘጉ። አራት ጫማ ካቢኔት ላይ ይህ ብቻውን ሠላሳ ሊትር ገደማ ይይዛል። ሲሊኮኑ የአቼቶ ሽታው እስኪጠፋ ድረስ ውሃ አታስነኩት። ውስጡን ነጭ ቀለም ቀቡት፣ ለውበት ሳይሆን ጠብታ እንዲታይ። የጨው ውሃ ሲንጠባጠብና ሲደርቅ ነጭ ቅርፊት ይተዋል፣ የማጠፊያው ዙሪያ ዝገት ይጀምራል፤ ባለቤቱ በጊዜ ያየው ዘንድ ነው። ማጠፊያና ብሎን ሲገዙ 316 የሚባለውን የማይዝግ ብረት ይምረጡ፣ ጨውን ይችላል። ዋጋው ያናድዳል።

ክብደቱን ደግሞ በኩንታል አስቡት፣ ለእኛ የሚገባን እሱ ነው። የዚያ ባለ 120 ጋሎን ገንዳ ውሃው፣ መስታወቱ፣ ድንጋዩ፣ ሳምፑ ሲደመር ሰባት ኩንታል ይጠጋል። ሰባት ኩንታል ጤፍ አንድ ጠባብ ጠረጴዛ ላይ ጭናችሁ ሳሎን ውስጥ ለዓመታት አትተዉም አይደል? ስለዚህ ክብደቱ ከእንጨት ወደ እንጨት ቀጥ ብሎ እስከ መሬት ይውረድ። ብሎን እንጨቱን ከቦታው እንዳይንቀሳቀስ ይይዛል እንጂ ሸክም አይችልም። አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ የቤቱ ወለል ራሱ እንጨት መሆኑን አትርሱ፤ ለሳሎን የተለመደው ልክ በካሬ ጫማ 40 ፓውንድ ነው፣ የእናንተ ገንዳ ከዚያ በብዙ ይበልጣል። ከሥር ያሉትን አግዳሚዎች አቋርጦ፣ ሸክም የሚችል ግድግዳ አጠገብ ይቀመጥ። ከተጠራጠራችሁ መሐንዲስ ጥሩ።

ከዚያ ውሃ ልክ። አረፋዋ መሃል ካልገባች አትለፉ። ማስተካከያ ሽብልቅ የሚገባው ከካቢኔቱ ሥር ነው፣ በካቢኔቱና በመስታወቱ መካከል በጭራሽ። መስታወት በአንድ ነጥብ ሲጫኑት ምንም አይልም፣ ይታገሣል፣ አንድ ሌሊት ግን ይሰነጠቃል።

አብሮኝ የሚሠራ ልጅ ነበር፣ እጁ ወርቅ የሆነ። አንድ ጊዜ በጣም የሚያምር ካቢኔት ሠራ፣ መሃል ላይ ምሰሶ አድርጎ። ሳምፑን አስቀድሞ አስገብቶ ነበር ምሰሶውን የገጠመው። "ጋሼ፣ ጨርሻለሁ" አለኝ። "አውጣው እስቲ" አልኩት። አይወጣም። ያ ሳምፕ ከአምስት ዓመት በኋላ ቢሰነጠቅ ከላይ ያለውን ባሕር በሙሉ ባዶ አድርጎ፣ ዓሣውን በባልዲ ይዞ፣ ካቢኔቱን ማፍረስ ነው። አሁን እንጨት ከመቁረጣችን በፊት የሳምፑንና የማጣሪያውን ልክ በካርቶን እንሠራለን፣ በበሩ እናስገባለን፣ እናወጣለን። አረፋ የሚሰበስበው ማሽን፣ ስኪመር የሚሉት፣ ኩባያው ወደ ላይ ተነስቶ ነው የሚታጠበው። ከላዩ አንድ ስንዝር ያህል ቦታ ካልተዋችሁ ሰውየው በየሳምንቱ ስማችሁን እያነሳ ይራገማል።

ኤሌክትሪኩን ባጭሩ። ሶኬት ከሳምፑ በላይ አይሰቀል፣ ወደ ጎን፣ ከፍ ብሎ። ገመዱ ሶኬቱ ጋ ከመድረሱ በፊት እንደ ሐብል ረግቦ ይመለስ፣ በላዩ የሚወርድ ጠብታ እዚያ ታች ይወድቃል። የኤሌክትሪክ ጅረት ሲያፈተልክ ራሱን የሚያጠፋ ሶኬት ግድ ነው። ከኋላ በኩል አየር መውጫ ክፈቱ፣ አለዚያ ውስጡ እንደ ሳውና ይሆናል።

አንድ ነገር ደግሞ ለአናጺዎች። አሜሪካ ሱቅ ውስጥ አረንጓዴ የሚል፣ ለውጭ ሥራ ተብሎ መድኃኒት የጠጣ እንጨት አለ። እርጥበት ይችላል ብላችሁ እንዳትታለሉ። መድኃኒቱ መዳብ አለበት፣ መዳብ ደግሞ ለኮራልና ለቀንድ አውጣ መርዝ ነው።

አዲስ አበባ ሆናችሁ የምታነቡ አላችሁ። ለእናንተ ከባዱ እንጨቱ አይሆንም፣ አናጺ ሞልቷል። ከተማው ከባሕር ወለል ከ2300 ሜትር በላይ ነው፣ በዚያ ከፍታ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው በሩብ ገደማ ያንሳል። በዚያ ላይ መብራት ሲጠፋ ፓምፑ ይቆማል። ዓሣ አታብዙ፣ ለአየር መንፊያዋ ቢያንስ በባትሪ የምትሠራ መጠባበቂያ አዘጋጁ። ልጅ ሆኜ ምጽዋ ላይ ውሃ ውስጥ አንገቴን አስገብቼ ያየሁትን ሐምራዊ ዓሣ፣ ጅራቱ ቢጫ የሆነውን፣ ዛሬ እዚህ ሱቅ ውስጥ በመቶዎች ዶላር ሲሸጥ አየዋለሁ። ቆሜ አየውና ዋጋውን ሳልጠይቅ እወጣለሁ።

ውሃ ከሞላ በኋላ ደግሞ አትቸኩሉ። ድንጋዩ ላይ ባክቴሪያ እስኪሠፍር፣ አሞንያው ወደ ናይትራይት፣ ያም ወደ ናይትሬት እስኪለወጥ ወር ወይም ከዚያ በላይ ይፈጃል። ደንበኞቼ በዚያ ወር ባዶ ውሃ እያዩ ይበሳጫሉ። እኔ በዚያ ወር ነው የምመላለሰው። እነሱ እያዩ መብራቱን ሆን ብዬ አጠፋዋለሁ። ውሃው እየወረደ ሳምፑ ይሞላል፣ ሲቆም የደረሰበትን በማርከር መስታወቱ ላይ አሰምራለሁ፣ ቀኑን እጽፍበታለሁ። ከዚያ መስመር በላይ ባዶ ቦታ ካለ ሒሳቤን እቀበላለሁ። ከሌለ ቱቦውን እፈታለሁ።

ለደወለልኝ ልጅ ይህን ሁሉ በስልክ አልነገርኩትም። "የገንዳህን ርዝመትና ወርድ፣ የሳምፑን ልክ ጽፈህ ላክልኝ" ብቻ አልኩት። እናንተም እንደዚያው አድርጉ። ፎቶ ስትልኩልኝ ግን የዓሣውን አትላኩ። በሩን ክፈቱና ውስጡን አንሱልኝ።