ሲሞላ ብቻ የሚያፈስ ሳልባትዮ

በዚህ ሳምንት የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ቤንዚን ሽታ ናቸው። የቆየ ስፖርት መኪና «ሽታው የነበረ ነው» እየተባለ መነዳት የለበትም። የሚሸት ቤንዚን ከሆነ ቦታ እየወጣ ያለ ቤንዚን ነው።

ጥያቄ (ከለንደን)፦ የ1972 ኤምጂቢ (የእንግሊዝ ስፖርት መኪና) አለኝ። ሙሉ ባስሞላሁ ቁጥር ከኋላ ያንጠባጥባል፤ የነዳጅ ጌጁ ግማሽ ሲደርስ ያቆማል። ሳልባትዮው (የነዳጅ ታንኩ) ተበስቶ ይሆን?

መልስ፦ ሊሆን ይችላል፤ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው ግን ጓርኒሲዮኑ (ማሸጊያ ጎማው) ነው። የነዳጁን መጠን ለጌጁ የሚያሳውቀው ተንሳፋፊ በዚህ መኪና የተገጠመው በሳልባትዮው ጎን ነው፤ ጓርኒሲዮኑም በሁለቱ መካከል ነው። ስለዚህ ሲሞላ ቤንዚኑ ከጓርኒሲዮኑ በላይ ይሆናል። በሌላ በኩል የኤምጂቢ ሳልባትዮ አናቱ ላይ ጭቃና እርጥበት ስለሚይዝ ከላይ ይዝጋል። ሁለቱን ለመለየት ዙሪያውን በጨርቅ አድርቀው ጠመኔ ይቀቡበት። ተንሳፋፊውን አጥብቆ የሚይዘው ባለ ጥርስ ቀለበት ታችኛው ጠርዝ ብቻ ከረጠበ ጓርኒሲዮኑ ነው፤ እርጥበቱ ከላይ ከወረደ ግን ሳልባትዮው ራሱ ነው።

ሥራው ደጅ ላይ ይሁን። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ የጋራዥ ጉድጓድ ውስጥ ይተኛል፤ ጉድጓድ ላይ ቆሞ የሚሠራ መኪና ከሆነ እባክዎ ይተዉት። የባትሪውን የመሬት ገመድ ይፍቱ፤ ነዳጁንም ከተንሳፋፊው ቀዳዳ በታች እስኪሆን ይቅዱ። ቀለበቱን በብረት መሮ አይምቱት፤ ብረት በብረት ሲመታ ይፈነጥቃል። የናስ ዘንግ ይዘው ጥርሶቹን በየተራ ቀስ እያሉ ወደ ግራ ይምቱ።

ብዙ ሰው የሚቸኩለው እዚህ ላይ ነው። አዲሱ ጓርኒሲዮን ሲገጠም ወዲያው የሚያፈሰው ወንበሩ (ጓርኒሲዮኑ የሚቀመጥበት ጠርዝ) ላይ የአሮጌው ጎማ ቅሪትና ዝገት ስለቀረ ነው። በጣትዎ ዙሪያውን ይዳስሱ፤ የሚሻክር ቦታ ካለ ፍርፋሪው ወደ ውስጥ እንዳይገባ ቀዳዳውን በጨርቅ ደፍነው ያጽዱት። ቀለበቱንም አብረው ይቀይሩ፤ የለሰለሰ ጥርስ ጎማውን አጥብቆ አይዝም። ብሪታንያ ውስጥ ከ2021 ጀምሮ መደበኛው ቤንዚን እስከ 10 በመቶ ኢታኖል ስላለው ኢታኖል የሚችል ጓርኒሲዮን ይጠይቁ።

ጥያቄ (ከሜሪላንድ)፦ ለጥንቃቄ ሲሊኮን ብቀባበትስ?

መልስ፦ አይቀቡ። ተራ ሲሊኮን ቤንዚን ሲነካው ያብጥና ይለቃል፤ ቁራጩም ወደ ፊልትሮው ይሄዳል። ንጹሕ ወንበር ላይ የተቀመጠ ጎማ ሌላ ነገር አይፈልግም።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ ካርማን ጊያዬ ከተሞላ በኋላ ቁልቁለት ስወርድ ውስጡ ይሸታል። መሬት ላይ ግን ጠብታ የለም።

መልስ፦ የእርስዎ መኪና ከቮልስ ጋር አንድ ቤት ነው፤ ሳልባትዮው ከፊት ኮፈን ሥር ነው፤ ተንሳፋፊውም በአናቱ ላይ በአምስት ብሎን ታስሯል። ጓርኒሲዮኑ ሲደርቅ ትነቱ ወደ እርስዎ ይመጣል። ሲቀይሩ ብሎኖቹን ፊት ለፊት እያፈራረቁ በእኩል ያጥብቁ። የመሙያውንና የመተንፈሻውን ጎማ ቱቦዎችም አጥፈው ይመልከቱ፤ ከተሰነጠቁ ይቀይሯቸው።

ጥያቄ፦ የኤምጂቢዬን ጓርኒሲዮን ከቀየርኩ ወዲህ ጌጁ ባዶ ብቻ ያሳያል።

መልስ፦ አብዛኛውን ጊዜ የመሬት ሽቦው ነው፤ ጥቁሩን ሽቦ ነቅለው ጫፉን ያጽዱ። ካልተስተካከለ፣ ሳልባትዮው ተዘግቶ ዙሪያው መድረቁን አረጋግጠው፣ ቁልፉን አጥፍተው አረንጓዴና ጥቁሩን ሽቦ ከቦዲው ጋር ያገናኙ። ከዚያ ብቻ ቁልፉን ለአፍታ ይክፈቱ። ጌጁ ወደ ሙሉ ከወጣ ጌጁም ሽቦውም ደህና ናቸው፤ ችግሩ ተንሳፋፊው ጋ ነው፤ ምናልባት ሲገባ ክንዱ ታጥፏል።