መልስ፦ 12 የአክሪሊክ (በውሃ የሚበጠበጥ ቀለም) ሥዕል ሸራ ጠቅልሎ ከጎንደር ወደ አዲስ አበባ ፒያሳ፣ ወደ ጋለሪ ማምጣት

«ፍሬሙን ነቅዬ ጠቅልዬ ባመጣው ቀለሙ ይሰነጠቃል ወይ?» ላልከው፦ ቀለሙን ወደ ውጭ አድርገህ ከጠቀለልከው በቀላሉ አይሰነጠቅም። ብዙ ሰው «እንዳይነካካ» ብሎ ወደ ውስጥ ይጠቀልለዋል፤ ያኔ ቀለሙ ይጨማደድና ሲወጠርም ሽብሽቡ ይቀራል። አዲስ የዘይት ቀለም ቢሆን ኖሮ ግን ከነፍሬሙ ጫነው እልህ ነበር።

1. 110 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው የፍሳሽ ቱቦ ግዛ፤ ከዚያ የቀጠነ አይሆንም። በሁለቱም ጫፍ ከሸራው 10 ሴንቲ ሜትር ይትረፍ። በአንድ ቱቦ ላይ ከ4 ሸራ በላይ አትደርብ።

2. በየሸራው መሃል የኬክ መጋገሪያ ወረቀት አድርግ። ፌስታል አክሪሊክ ላይ ይጣበቃል፤ የጋዜጣ ቀለም ደግሞ ሥዕሉ ላይ ይታተማል።

3. ማለዳ ከደረስክ ወዲያው አትፍታው። አክሪሊክ ብርድ ሲነካው ይጠነክራል፣ የሚሰነጠቀውም ያኔ ነው። ክፍል ውስጥ ጥቂት ሰዓት ይቆይ።

4. ስትወጥር መጀመሪያ የአራቱንም ጎን መሃል በስቴፕለር ምታ፤ ከዚያ ተቃራኒ ጎኖቹን እያፈራረቅህ ወደ ማዕዘኑ ሂድ። ከጥግ ከጀመርክ ሸራው በሰያፍ ይሸበሸባል፤ ሁሉንም ነቅሎ ከመድገም በቀር መላ የለውም።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ። ትንሽ ጋለሪ ውስጥ 12ቱም ላይሰቀሉ ይችላሉ፤ የተረፉት ጓዳ ይገባሉ፣ አብዛኛው ጭረት የሚመጣውም ከዚያ ነው። ለጋለሪው ሳታስረክብ በ2 ቅጂ ዝርዝር አስፈርም፦ ርዕስ፣ ልኬት፣ ዋጋ፣ ኮሚሽኑ ከመቶ ስንት እንደሆነ፣ ቢበላሽ ማን እንደሚከፍል፣ ያልተሸጠው የሚነሳበት ቀን። የእያንዳንዱን ፎቶ በርክክቡ ዕለት፣ እዚያው ጋለሪው በር ላይ አንሳ።