ከውጭ ዕቃ ለማስመጣት ላሰባችሁ፦ የጥያቄዎቻችሁ መልሶች

ስለ ማስመጣት ሥራ ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ጥያቄው ጎረፈ። ቀረጡና የፈቃዱ ዓይነት እንደየአገሩ ይለያያል። ስለዚህ የትም ብትሆኑ የሚያገለግላችሁን ብቻ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ጀማሪ ነኝ። መጀመሪያ አቅራቢ ልፈልግ?

ቆይ፣ አቅራቢው ይደርሳል። መጀመሪያ ዕቃው ወደ አገርህ መግባት መቻሉን አጣራ። ለዚህ ኤችኤስ ኮድ ያስፈልግሃል። የዓለም ጉምሩክ ድርጅት የሚያወጣው የዕቃ መለያ ቁጥር ነው። የመጀመሪያዎቹ 6 አሃዞች በሥርዓቱ በሚጠቀሙ አገሮች ሁሉ አንድ ናቸው። ቀጥሎ ያሉትን እያንዳንዱ አገር ለራሱ ይጨምራል። ቀረጡም፣ ልዩ ፈቃድ ማስፈለጉም የሚታወቀው በዚህ ቁጥር ነው። አቅራቢው የሰጠህን ኮድ እንዳለ አትውሰድ፤ እሱ የሚያውቀው የአገሩን ነው። ትራንዚተር (የጉምሩክ ጉዳይ አስፈጻሚ) አማክር። መድኃኒት፣ ምግብ፣ መዋቢያ ወይም የመገናኛ መሣሪያ ከሆነ ፈቃዱ እጅህ ሳይገባ ገንዘብ እንዳትልክ።

ጥያቄ፦ አንዱ ፋብሪካ የኤፍኦቢ፣ ሌላው የሲአይኤፍ ዋጋ ላከልኝ። ኤፍኦቢው ይረክሳል። እሱን ልያዝ?

እህቴ፣ ሁለቱን እንዲሁ ማወዳደር አይቻልም። በኤፍኦቢ ሻጩ ዕቃውን መነሻው ወደብ ላይ መርከብ ላይ ይጭናል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ወጪ ያንቺ ነው። በሲአይኤፍ ደግሞ እስከ መድረሻው ወደብ ያለውን የመርከብ ክፍያና ኢንሹራንስ ሻጩ ይሸፍናል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በሲአይኤፍም ቢሆን ዕቃው መርከብ ላይ ከተጫነ በኋላ የሚደርሰው ጉዳት ያንቺ ነው። ባሕር ላይ ቢበላሽ ካሣ የምትጠይቂው ሻጩን ሳይሆን ኢንሹራንሱን ነው። ኤፍኦቢና ሲአይኤፍን በሚደነግገው ዓለም አቀፍ የንግድ ውል ደንብ፣ በኢንኮተርምስ 2020 መሠረት ሻጩ የመግባት ግዴታ ያለበት ዝቅተኛውን ሽፋን፣ ክሎዝ ሲን ነው። እሱ ደግሞ ስርቆትን አይሸፍንም። እኔ ብሆን ልዩነቱን ከፍዬም ቢሆን ሰፊውን ሽፋን፣ ክሎዝ ኤን አስገባለሁ።

ጥያቄ፦ ኤልሲ ከከፈትኩ ገንዘቤ አስተማማኝ ነው?

በከፊል። ኤልሲ ማለት ሻጩ የተጠየቀውን ሰነድ ሲያቀርብ ባንክ ሊከፍለው የሚገባው ቃል ነው። ባንክ የሚመረምረው ግን ወረቀት ነው፤ ዕቃውን አያይም። ሰነዶቹ ኤልሲው ላይ ከተጻፈው ጋር ከገጠሙ ይከፍላል፣ ዕቃው ከሳምፕሉ ያነሰ ቢሆን እንኳ። መፍትሔው ኤልሲውን ስትከፍት ነው ያለው። ዕቃው ሳይጫን በገለልተኛ ድርጅት ተመርምሮ የተሰጠ ሰርተፊኬት ከሚቀርቡት ሰነዶች አንዱ እንዲሆን አስጽፍ። ኤስጂኤስና ቢሮ ቬሪታስን የመሳሰሉ ድርጅቶች ይህን ይሠራሉ። የዕቃውን ዝርዝርም በደንብ ጻፍ። «ጥሩ ጥራት» የሚል ቃል ለማንም አይጠቅምም።

ጥያቄ፦ አቅራቢዬ 30 በመቶ ቅድሚያ፣ ቀሪውን ሊጫን ሲል ክፈል ይለኛል።

የተለመደ ነው። ቀሪውን ግን ምርመራው ሳያልቅ እንዳትለቀው። ደግሞ አንድ ነገር ልለምንህ፦ «የባንክ ሒሳባችን ተቀይሯል» የሚል ኢሜይል ከመጣ፣ ቀድሞ በምታውቀው ስልክ ደውለህ ሳታረጋግጥ አትክፈል። ሌቦች በኢሜይል መሀል እየገቡ የስንቱን ካፒታል በልተዋል።

ጥያቄ፦ ዕቃዬ ቀላል ነው፣ በአውሮፕላን ባመጣው አይረክስም?

ቀላል መሆኑ ብቻውን አያድንም። የሚይዘው ቦታም ይታሰባል፦ የካርቶኑ ርዝመት፣ ስፋትና ቁመት በሴንቲሜትር ተባዝቶ ብዙውን ጊዜ ለ6000 ይካፈላል። ውጤቱ ከሚዛኑ ከበለጠ የምትከፍሉት በእሱ ነው። 60 በ50 በ40 የሆነ ካርቶን 5 ኪሎ ቢመዝንም እንደ 20 ኪሎ ይታሰባል። መጠኑ አነስተኛ ከሆነና ካልቸኮላችሁ በመርከብ፣ ከሌሎች ጋር በጋራ ኮንቴነር አስመጡ።

ጥያቄ፦ ቀረጥ እንዲቀንስ ኢንቮይሱ ላይ ዋጋው ዝቅ ተደርጎ ቢጻፍስ?

በፍጹም። ማጭበርበር ነው። ጉምሩክ ተመሳሳይ ዕቃ በስንት እንደገባ መዝገብ አለው። ዕቃው ቢጠፋም ኢንሹራንሱ የሚያየው ያንኑ ወረቀት ነው።

ጥያቄ፦ ዕቃው ወደብ ደርሶ እንዳይቆም ምን ላድርግ?

ሰነዱ ከመርከቡ ቀድሞ ይድረስ። ኮንቴነሩ በነፃ የሚቆይበት ጊዜ ሲያልቅ ዲመሬጅ (የመዘግየት ክፍያ) በየቀኑ ይቆጥራል፤ በየደረጃው እየጨመረ ስለሚሄድ ትርፍህን ጠራርጎ ሊወስድ ይችላል። ነፃ ቀኖቹን ከመጫኑ በፊት ተደራደር፤ በኋላ የሚሰማህ የለም። ኦሪጅናል ቢል ኦፍ ሎዲንግ (መርከብ ድርጅቱ ዕቃውን ሲረከብ የሚሰጠው ሰነድ) ከሌለህ ዕቃውን አታወጣም፤ ወይ በፍጥነት ይላክልህ ወይ ሻጩ ቴሌክስ ሪሊዝ ያድርግ፣ ማለትም ኦሪጅናሉን እዚያው መልሶ ዕቃው ያለ እሱ እንዲለቀቅልህ ያድርግ። የኢንቮይሱ፣ የፓኪንግ ሊስቱና የቢል ኦፍ ሎዲንጉ ክብደትና የካርቶን ብዛት መግጠሙን ገና ረቂቁ ሲላክልህ አመሳክር።

የእንጨት ፓሌት ካለውም የአይኤስፒኤም 15 (የእንጨት ማሸጊያ ዓለም አቀፍ ደንብ) ማኅተሙን በፎቶ እንዲልኩልህ ጠይቅ። ተባይ እንዳይዛመት እንጨቱ መታከሙን ያሳያል፤ በሙቀት ከሆነ መሀሉ ድረስ 56 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ መሞቅ አለበት። ማኅተሙ ከሌለ ብዙ አገሮች ዕቃውን ያግዳሉ ወይም ይመልሱታል።