የአንጎልን ኬሚስትሪና የደም ፍሰት የሚለካው ኤምአርአይ

ጥያቄ፦ ወንድሜ በኤምአርአይ ታይቶ አንጎሉ ውስጥ እብጠት ተገኘ። አሁን ደግሞ ሐኪሙ «ስፔክትሮስኮፒና የደም ፍሰት» የሚል አዘዘለት። አንዴ ከተነሳ ለምን ይደገማል? ጠዋት ቡና ጠጥቶ ቢሄድስ? (ከሱሉልታ)

መልስ፦ ድግግሞሽ አይደለም። የመጀመሪያው ቅርጽን አሳየ፤ ይሄኛው እብጠቱ ውስጥ ምን እየተካሄደ እንደሆነ ይለካል። ዕጢም፣ መግል የቋጠረ እብጠትም፣ የቲቢ እብጠትም በተለመደው ምስል ላይ ዙሪያቸው የሚያበራ ቀለበት ሆነው ሊመሳሰሉ ይችላሉ፤ ሕክምናቸው ግን ለየቅል ነው።

በስፔክትሮስኮፒ፣ ማለትም በኬሚካሎቹ ልኬት፣ ባለሙያው በኮምፒውተሩ ምስል ውስጥ እብጠቱ ላይ በየጎኑ 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ የሚለካ ቦታ (ኪዩብ) ያስቀምጣል። ማሽኑ 5 ደቂቃ ያህል ለክቶ የኬሚካሎችን መጠን የሚያሳዩ ጉብታዎች ያሉት መስመር ያወጣል። ኤንኤኤ የሚባለው ጉብታ የጤናማ ነርቭ ምልክት ነው፤ ኮሊን የሚጨምረው የሴል ሽፋን በብዛት ሲሠራና ሲፈርስ ነው። ኤንኤኤ ወርዶ ኮሊን ከወጣ ዕጢ ይጠረጠራል። ኮሊን ሳይጎላ የስብ ጉብታ ከገነነ ቲቢ፣ አሚኖ አሲድና አሲቴት ከታዩ መግል ይታሰባል። ጥርጣሬ ነው እንጂ ማረጋገጫ አይደለም፤ በዚህ መስመር ብቻ ቀዶ ሕክምና መወሰን የለበትም።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ኪዩቡ የሚቀመጥበት ቦታ ላይ ነው። የራስ ቅልን ከነካ የራስ ቆዳ ስብ ገብቶ የላክቴትን (ኦክስጅን ሲያጥር የሚበዛ ኬሚካል) ጉብታ ይሸፍናል። አየር ካለበት የአፍንጫ ወይም የጆሮ አጥንት ከተጠጋ መግነጢሱ ወጥ ስለማይሆን ጉብታዎቹ ይደባለቃሉ። ስለዚህ ውጤቱን ስትቀበሉ ኪዩቡ የት እንዳረፈ የሚያሳየው ምስል አብሮ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ።

የደም ፍሰቱ ያለ መርፌም ይለካል። አንገት ላይ የሚያልፈው ደም በሬዲዮ ሞገድ ምልክት ይደረግበታል፤ 1.8 ሰከንድ ገደማ ተጠብቆ አንጎሉ ይነሳል፤ ምልክት ከሌለው ምስል ጋር ይቀናነሳል። ልዩነቱ 1 በመቶ ገደማ ብቻ ስለሆነ ከ4 እስከ 5 ደቂቃ ይደጋገማል፤ ወንድምዎ በዚያ መሃል ራሱን ካነቃነቀ ልኬቱ ይበላሻል። ምስሉን በሚያጎላ ጋዶሊኒየም የተባለ መድኃኒት መርፌ የሚሠራም አለ፤ ለዚያ የኩላሊት ምርመራ፣ ማለትም የክሬቲኒን ውጤት ይዞ ይሂድ።

ቡናን በተመለከተ ጥያቄዎ ተገቢ ነው። 250 ሚሊ ግራም ያህል ካፌይን የአንጎልን የደም ፍሰት ከ20 እስከ 30 በመቶ ሊቀንስ ይችላል። በየቀኑ የሚጠጣ ሰው ድንገት ሲተው ደግሞ ፍሰቱ ይጨምራል። ምን ማድረግ እንዳለበት ቀጠሮ ሲይዝ ይጠይቅ፤ ከጠጣ ስንት ሲኒ፣ በስንት ሰዓት እንደሆነ ይናገር። ወደፊት ለንጽጽር ሲነሳም ሁኔታው ያው ይሁን።

ጥያቄ፦ የብየዳ ሠራተኛ ነኝ። ኤምአርአይ ብነሳ ችግር አለው? (ከሰበታ)

መልስ፦ ከመግባትዎ በፊት ሥራዎን ይናገሩ። ዓይን ውስጥ የቀረ የብረት ስባሪ በመግነጢሱ ተንቀሳቅሶ ዓይንን ሊጎዳ ስለሚችል፣ ብረት ገብቶብዎት የሚያውቅ ከሆነ ቀድሞ የዓይን አካባቢ ራጅ ይነሳል። የአንገት መስቀልና ቀለበት ውጭ ይቀራሉ፤ የማተቡ ክር ብቻውን ችግር የለውም። ኩል የተኳለ ሰው ደግሞ ታጥቦ ይግባ፤ በውስጡ ብረት ካለበት በዓይን ዙሪያ ያለውን ምስል ያዛባል።