ከጠለፋና ከእገታ ለተመለሱ እህቶቻችን፦ ጥያቄና መልስ ከደሴ

ደሴ የምሠራ አዋላጅ ነርስ ነኝ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ የጤና ተቋማት ተዘርፈው፣ ብዙ ሴቶች በሰዓቱ ሳይታከሙ ቀርተዋል። ያ ዛሬም ያንገበግበኛል። ጠይቁኝ።

ሲስተር፣ የእህቴ ልጅ ታግታ ቆይታ ትናንት ተለቀቀች። አፏን ዘግታ ታለቅሳለች። ምን ላድርግ? (ከኮምቦልቻ)

አብሽሪ እህቴ። ዛሬውኑ ጤና ተቋም ውሰጃት። የኤችአይቪ መከላከያው መጀመር ያለበት በ72 ሰዓት ውስጥ ነው፤ ከዚያ ለ28 ቀን ሳይቋረጥ ይወሰዳል። እርግዝና የሚከላከለው ድንገተኛ እንክብል እስከ 5 ቀን ይሠራል፤ ግን በፈጠነ ቁጥር ይሻላል። ደጋግመው ደፍረዋት ከሆነ ሰዓቱን ከመጨረሻው ቁጠሪ። ልብሷን አትጠቡት፤ በላስቲክ ሳይሆን በወረቀት ጠቅልላችሁ ያዙት። ታጥባም ከሆነ ትምጣ፣ ሕክምናው አይቀርባትም። ደግሞ ዘመድ በመጣ ቁጥር «እስቲ ንገሪኝ» አትበሏት።

ከተደፈርኩ ሦስት ወር አለፈኝ። አርግዣለሁ፤ ለፖሊስ አልተናገርኩም።

አልረፈደም፣ የኔ እናት። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 551 እና 552 መሠረት ከመደፈር የመጣ እርግዝና በሕክምና ሊቋረጥ ይችላል፤ ማስረጃው ያንቺ ቃል ብቻ ነው። የፖሊስ ወረቀት አምጪ ማለት አይገባም። ውሳኔው ያንቺ ነው፤ ብቻ ቀን አትግፊ። ሽንት ሳታስቢው የሚያመልጥሽ ከሆነም ሳታፍሪ ለሐኪሞቹ ንገሪያቸው፤ ይታከማል።

መንገድ ተዘግቶ ደሴ መድረስ ካልቻልንስ?

ቅርብ ያለው ጤና ጣቢያ ሂዱ። መንገዱን አትጠብቁ።

ሽማግሌዎች «ያግባትና ነገሩ ይብረድ» ይላሉ።

የቀድሞው ሕግ ጠላፊው ካገባት ይምረው ነበር። በ1996 የወጣው የወንጀል ሕግ ግን ይህን ሽሮታል፦ አንቀጽ 587 ጠላፊን ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ይቀጣል፣ ጋብቻም አያድነውም። ከደፈራት ደግሞ ለብቻው ይጠየቃል። ሽምግልናን አከብራለሁ፤ ደም ያደርቃል። በልጅቷ ገላ ላይ ግን የሚሸመገል ነገር የለም። እንዲህ ያለ ቦታ ዱበርቲ እናቶችን፣ በወሎ ዱዓ የሚያደርጉትን ትልልቅ ሴቶች፣ ጥሩ፤ ልጅቷን አቅፈው ቡና የሚያጠጧት እነሱ ናቸው።

ባለቤቴ ከእገታ ተመልሳለች። ስነካት ትደነግጣለች።

ወንድሜ፣ ስለጠየቅክ ተባረክ። ካንተ ሸሽታ አይደለም፤ ገላዋ ገና አላመነም። ወደ ክፍሉ ስትገባ ስሟን ጠርተህ ግባ። እሷ እስክትፈልግ ታገስ፤ የኤችአይቪ ምርመራው እስኪያልቅም ኮንዶም ተጠቀሙ። ከወር በላይ እንቅልፍ ካጣች የአእምሮ ሐኪም ትይ፤ ከፈቀደች አብረሃት ሂድ፣ ደጅ ሆነህ ጠብቃት።