የሬዲዮ ሰው ነኝ፣ ከደብረ ብርሃን። የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ

ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። ሬዲዮ ላይ ከ20 ዓመት በላይ ቆይቻለሁ። መጀመሪያ ከሰሜን ሸዋ ወረዳዎች ዜና እየለቀምኩ አዲስ አበባ ላለ ጣቢያ በስልክ አነብ ነበር። ከዚያ የአየር ሰዓት ገዝቼ የራሴን ፕሮግራም ሠራሁ። አሁን እዚሁ ደብረ ብርሃን የጠዋት ፕሮግራም እመራለሁ። ሰሞኑን በየሄድኩበት «ሬዲዮ አለቀለት፣ እናንተ ምን ልትሆኑ ነው?» እባላለሁ። ዛሬ ከሰዓት ሥራ የለኝም። ቡናዬን ይዤ ተቀምጫለሁ፣ ጠይቁኝ።

ከጠባሴ፦ ጋሼ፣ እውነቱን ይንገሩን። አሁን ሬዲዮ የሚሰማ ሰው አለ? የእኔ ልጆች ከቲክቶክ ሌላ ሚዲያ ያለም አይመስላቸው።

አለ፣ እኅቴ። አሰማሙ ነው የተለወጠው። ድሮ ቤተሰቡ ሬዲዮኑን ከብቦ ይቀመጥ ነበር። አሁን ሰው እጁ ሥራ ይዞ ነው የሚሰማው። ልብስ ሰፊው፣ ፀጉር አስተካካዩ፣ ወፍጮ ቤት ወረፋ የያዘችው፣ ሌሊት ከደሴ ጭኖ የሚመጣው የአይሱዙ ሹፌር። እንጀራ እየጋገረች ስልክ የምትነካካ ሴት አላየሁም። ሬዲዮ ግን ምጣዱ ዳር አብሯት ያመሻል።

ገጠር ደግሞ ባለ ቁልፏ ስልክ አለች። ኤፍ ኤም አላት፣ ዳታ አትጠይቅም፣ የጆሮ ማዳመጫው ሽቦ ራሱ አንቴና ይሆናታል። ብዙ አዳዲስ ስማርት ስልኮች ግን ኤፍ ኤም የላቸውም። ስለዚህ ልጆችሽ ሬዲዮ ስለጠሉ ብቻ ላይሆን ይችላል። የያዙት ስልክ ውስጥ ሬዲዮ አለ ወይ? እስቲ ቼክ አድርጊው።

ከዓለም ከተማ፦ እኛ መርሐቤቴዎች የደብረ ብርሃንን ኤፍ ኤም በደንብ አናገኝም። ዝም ብሎ ይንሿሿል። ኃይሉን ከፍ ማድረግ አይቻልም?

ኃይል መጨመር ሜዳ ላይ ይረዳል። የእናንተን ችግር ግን አይፈታውም። ኤፍ ኤም ከ88 እስከ 108 ሜጋ ኸርዝ ባለው ሞገድ ነው የሚሠራው። ይህ ሞገድ ብርሃን እንደሚሄደው ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ተራራ ዞሮ አያልፍም፣ ሸለቆ ውስጥ አይወርድም። አገራችንን ደግሞ ታውቃታለህ። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር እንኳ አትሞላም። መሐላቸው የጣርማበር አፋፍ አለ። በእናንተና በእኛ መካከል ደግሞ የጀማ ሸለቆ አለ። የጣርማበርን ዋሻ በመኪና ያለፈ ሰው ነገሩን በጆሮው ያውቀዋል። ሲገባ ሬዲዮው ጭጭ ይላል።

መፍትሔው ሌላ ከፍታ ላይ ተቀብሎ የሚያስተላልፍ ማሰራጫ መትከል ነው። እሱ ግንብ፣ መብራት፣ ጄኔሬተር፣ ዘበኛ ይፈልጋል። ያንን ወጪ የሚችል ማስታወቂያ ከአንድ ወረዳ ከተማ አይገኝም። ስለዚህ ሞገዱ ገንዘብ ወዳለበት ይሄዳል። ይህ ያናድደኛል፣ አልደብቅህም። ለጊዜው እኔ የማደርገው አንድ ነገር አለ። የጠዋቱን ፕሮግራም ወደ ግማሽ ሰዓት አሳጥሬ በቴሌግራም እልካለሁ። ለንግግር በቂ በሆነ ዝቅተኛ ጥራት ከቀዳኸው ግማሽ ሰዓት 7 ሜጋባይት ገደማ ነው የሚይዘው። አንድ ሰው ካወረደው ለጎረቤቱ በብሉቱዝ ይሰጠዋል።

ከአዲስ አበባ፣ የመንዝ ልጅ፦ አንድ የሬዲዮ ሰው ገንዘቡን ከየት ነው የሚያገኘው? ስሙ ትልቅ ነው፣ ኑሮው ግን ሲታይ ትልቅ አይመስልም።

ይህን ስለጠየቅህ ደስ ብሎኛል፣ ማንም ደፍሮ አይጠይቅም። ሁለት ዓይነት የሬዲዮ ሰው አለ። አንዱ የጣቢያው ተቀጣሪ ነው። ደመወዙ ትንሽ ናት፣ ግን በወሩ ትገባለች። ሌላው ተባባሪ አዘጋጅ የሚባለው ነው። ይህ ሰው ከጣቢያው የአየር ሰዓት ይገዛል፣ በሳምንት ሁለት ሰዓት በለው። ከዚያ ራሱ ዞሮ ስፖንሰር ይለምናል፣ ማስታወቂያ ይሸጣል፣ ለረዳቱ ይከፍላል። የተረፈችው የእሱ ናት። አዳማጩ «የጣቢያው ጋዜጠኛ» ይለዋል። እሱ ግን ተከራይ ነው።

ኤፍ ኤም አዲስ 97.1 በ1992 ዓ.ም. ሲጀምር፣ ከዚያም በ2000 ዓ.ም. እንደ ሸገር 102.1 ያሉ የግል ጣቢያዎች ሲከፈቱ ይህ አሠራር እያደገ መጣ። ብዙ ጥሩ ነገርም ወለደ። የሸገሯ መዓዛ ብሩ ከአንድ ታላቅ ሰው ጋር ተቀምጣ ሳምንታት የሚዘልቅ ጨዋታ ስታቀርብ አገር ሥራውን ትቶ ይሰማ ነበር። አሁን ልጆቹ ፖድካስት ብለው የሚጀምሩት ረጅም ወግ እኛ አገር ሬዲዮ ላይ ኖሯል።

ግን ተከራይ ምንጊዜም ተከራይ ነው። የእኔ ዋና ስፖንሰር ቢራ ነበር። የብዙዎቻችንም እንደዚያው። በ2011 ዓ.ም. የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ወጣና በአልኮል ማስታወቂያ ላይ ጠበቅ ያለ ገደብ ጣለ። ሕጉ ትክክል ነበር። ልጆች በሚሰሙበት ሰዓት ቢራ ማሻሻጥ አልነበረብንም። ኪሴ ግን ተመታ። ስፖንሰሩ ወጣ፣ ጣቢያው የሰዓት ኪራይ ጨመረ፣ እኔ መክፈል አቃተኝ። አንድ ዓርብ ቀን «ከሚቀጥለው ሳምንት ሰዓቱ ለሌላ ሰው ተሰጥቷል» ተባልኩ። ሰባት ዓመት የሰሙኝን ሰዎች ደህና ሁኑ ሳልላቸው ቀረሁ። ገንዘቡ እንኳ ተረስቷል። ይህቺ ግን እስካሁን ትቆጨኛለች።

አሁን ደግሞ ነጋዴው ሌላ ጥያቄ ያመጣል። «ስንት ሰው ሰማው?» ይላል። ቴሌግራም ስንት ሰው እንዳየው ቁጥሩን ከሥሩ ይጽፍለታል። እኔ የማሳየው ቁጥር የለኝም። ስለዚህ አንድ ዘዴ ጀመርን። «ሬዲዮ ላይ ሰምቼ ነው» ብሎ የመጣ ሰው ትንሽ ቅናሽ ያገኛል። ባለ ሱቁ በደብተር ይመዘግባል። የድንች ዘር የሚሸጥ አንድ ደንበኛዬ ደብተሩን ካየ በኋላ ውሉን አድሷል።

ከሸዋ ሮቢት፦ 23 ዓመቴ ነው፣ በጋዜጠኝነት ተመርቄያለሁ። ጣቢያ ልግባ ወይስ የራሴን ዩቲዩብ ልክፈት?

የኔ ወንድም፣ ሁለቱን አታጣላቸው። ዩቲዩብ የማስታወቂያ ገቢ ለመካፈል ቢያንስ 1,000 ተከታይና በአንድ ዓመት ውስጥ 4,000 ሰዓት መታየትን ይጠይቃል። ለአጫጭሮቹ ቪዲዮዎች ሌላ መለኪያ አለው። እሱን ካለፍክ በኋላም ክፍያው ተመልካችህ በሚኖርበት አገር ይወሰናል። ሮቢት ያለ ሰው ካየህ የሚገባልህ ትንሽ ነው፣ ዋሽንግተን ያለ ሰው ካየህ ይበልጣል። ይህ ምን እንደሚያመጣ አስበው። ቀስ በቀስ ጎረቤትህን ትተህ ውጭ ላለው ሰው ትሠራለህ። እሱ ደግሞ የሮቢት ሽንኩርት ዋጋ አያሳስበውም። ውጭ ያለውን የሚያንቀሳቅሰው ንዴትና ናፍቆት ነው። ንዴት መሸጥ የጀመሩ ጎበዝ ልጆች አይቻለሁ። አዝኛለሁ።

ምክሬ ይኸው። ሁለት ዓመት ጣቢያ ግባ፣ ደመወዙ ባያጠግብም። ላይቭ መግባትን፣ ሰዓት ማክበርን፣ የተቆጣ አድማጭ በስልክ መያዝን ብቻህን ክፍልህ ውስጥ አትማራቸውም። ጎን ለጎን የሠራኸውን ሁሉ በራስህ ስም አስቀምጥ። ውል ስትፈርም ቅጂው የማን እንደሆነ ጠይቅ። እኔ አልጠየቅኩም ነበር።

ከደብረ ሲና፦ ድምፄ ቀጭን ነው፣ ለሬዲዮ አይሆንም ይሉኛል።

አትስሚያቸው። ወፍራም ድምፅ የሚያስፈልገው ማስታወቂያ ለማንበብ ነው። አዳማጭ የሚፈልገው የምታነቢው ገብቶሽ እንደሆነ ነው። ከማይኩ አንድ ጭብጥ ራቅ በይ፣ ለአንድ ሰው እንደምታወሪ ሆነሽ አውሪ። ሌላው በልምምድ ይመጣል።

ከሰላ ድንጋይ፣ የልጅ ልጄ ናት የምትጽፍልኝ፦ ልጄ፣ ሬዲዮኔ ድንጋይ ትጨርሳለች። ድሮ ፀሐይ ላይ ሳሰጣው ይመለስ ነበር፣ አሁን እንቢ አለ። ምን ይሻላል?

አባቴ፣ እድሜ ይስጥዎ። የፀሐዩ ነገር እውነት ነው፣ የቀዘቀዘ ባትሪ ድንጋይ ሲሞቅ ትንሽ ነፍስ ይዘራል፣ ለጥቂት ሰዓት። ግን ውሃ ያወጣ ድንጋይ ሬዲዮኑ ውስጥ አይተዉት፣ ሽቦውን ይበላዋል። ገበያ ላይ በፀሐይ የሚሞሉ ትንንሽ ሬዲዮኖች አሉ። መብራትም አላቸው፣ ስልክም የሚሞሉ አሉ። የልጅ ልጅዎ ለበዓል እንድታመጣልዎ ይንገሯት። ያነበበችም እሷ ስለሆነች ሰምታለች።

ከአንኮበር፦ በጸጥታው ችግር ጊዜ ሁሉም ወሬ ያወራል። እናንተ ከፌስቡክ ወሬ በምን ትሻላላችሁ?

ይህ ከባዱ ጥያቄ ነው። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ ለወራትም ሳይመለስ ሲቆይ፣ የቴሌግራም ቻናሎቹ ሁሉ ከእጃችን ጠፉ። ሬዲዮ ቀረ። የስቱዲዮው ስልክ አላርፍ አለ። «ልጄ ከደሴ ተነሥታለች፣ መንገዱ ክፍት ነው?» ይላሉ። ይህን የምትጠይቅ እናት «አላረጋገጥኩም» ስትባል ምን እንደሚሰማት አውቃለሁ። ግን አንድ ጠዋት ብቻ ስንት ጊዜ እንዳልኩት አልቆጠርኩም። ያላየሁትን «ክፍት ነው» ብል ልጅቷን መንገድ ላይ የጣልኳት እኔ ነኝ። «ዝግ ነው» ብል ደግሞ አንዱ በጎቹን በርካሽ ሸጦ ይሸሻል።

እኔ ባለቤቱ ከማይታወቅ የፌስቡክ ገጽ የምለየው በአንድ ነገር ነው፣ አድራሻ አለኝ። አንድ ጊዜ የማዳበሪያ ዕደላ ቀን ተሳስቼ ተናገርኩ። ማክሰኞ የሚለውን ሰኞ አልኩ። ከአንጎለላ በኩል ገበሬዎች አህያ እየነዱ መጡ፣ ማዳበሪያ የለም። ቀጥታ ጣቢያው በር ላይ መጥተው ቆሙ። ትክክል ናቸው። ወጥቼ ይቅርታ ጠየቅኳቸው፣ ሻይ አጠጣኋቸው፣ በማግስቱም ስሕተቱን በራሴ አፍ በማይክ ተናገርኩ። አንደኛው እስከ ዛሬ መናኸሪያ ሲያገኘኝ «ዛሬ ሰኞ ነው ማክሰኞ?» ይለኛል። ስሙ የማይታወቅ ገጽ ይህን አይከፍልም። የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጁ፣ 1185/2012፣ ከወጣ ቆይቷል። እኔን ግን ከአዋጁ ይልቅ የሚያስጠነቅቀኝ ያ ሰውዬ ነው።

ሚዲያው እንዴትም ይለወጥ፣ የሬዲዮ ሰው ቦታ እዚህ ጋ ነው ብዬ አምናለሁ። ሞገዱ ነገ ኢንተርኔት ሊሆን ይችላል። በሩ ላይ መጥተህ የምትጠይቀው ሰው ግን ያስፈልጋል።

ከአረርቲ፦ አሁን ኮምፒውተር በሰው ሠራሽ አስተውሎት ዜና ያነባል። አይሰለች፣ ደመወዝ አይጠይቅ። አያሰጋህም?

ያሰጋኛል። ስፖት ማስታወቂያ በማንበብ ብቻ የሚኖር ሰው በጣም ሊያስብበት ይገባል። ግን አማርኛችን ቀላል አይደለም። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን አያሳይም። «ገና» ሲላላ ጊዜው አልደረሰም ማለት ነው፣ ሲጠብቅ በዓሉ ነው። «አለ» ሲላላ ተናገረ ነው፣ ሲጠብቅ ደግሞ መኖሩ ነው። «ሽማግሌው አለ» የሚል ዜና አንብብ እስቲ። ተናገረ ነው ወይስ በሕይወት አለ? ማሽኑ ይህን ቀስ በቀስ ይማረዋል፣ አልጠራጠርም። ሽማግሌው ቤት ሄዶ እንዴት እንዳደሩ መጠየቅ ግን የንባብ ሥራ አይደለም።

ከሞላሌ፦ አባቴ ከዓመታት በፊት ለእርስዎ ፕሮግራም ስለ ልጅነቱና ከበግ ፀጉር ስለሚሠራው ባና ተናግሮ ነበር። አባቴ አርፏል። ድምፁን ማግኘት እችላለሁ?

እኅቴ፣ እግዚአብሔር ነፍሱን ይማር። አስታውሰዋለሁ። የበግ ፀጉር እንዴት እንደሚፈተል በእጁ እያሳየኝ ነበር የሚያወራው። ሬዲዮ እጅ እንደማያሳይ ስነግረው ስቆ ሁሉንም በቃል ደገመልኝ።

እውነቱን ልንገርሽ። ከዚያ ጣቢያ ስወጣ ቅጂዎቼ እዚያው ቀሩ። በኋላ ስጠይቅ በላያቸው ሌላ ተቀድቶባቸዋል አሉኝ። ስንት አዛውንት እዚያ ውስጥ እንደነበሩ ሳስብ እንቅልፍ አይወስደኝም። ግን ተስፋ አትቁረጪ። በዚያን ጊዜ ብዙ ሰው ፕሮግራሙን ከሬዲዮ ላይ በቴፕ ይቀዳ ነበር። አጎቶችሽን ጠይቂ፣ ሳጥን ውስጥ ፈልጊ።

ካሴቱ ከተገኘ አሮጌ ቴፕ ውስጥ ከተሽ ለማጫወት አትሞክሪ፣ ክሩን ይበላዋል። በእጅሽም ክሩን አትንኪው። ደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጪው፣ ድምፅ ማጉያና ቴሌቪዥን አጠገብ አታኑሪው። ከዚያ ይዘሽልኝ ነይ። ንጹሕ ማጫወቻ አለኝ፣ ወደ ኮምፒውተር እገለብጥልሻለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ሁልጊዜ ስቱዲዮ አለሁ።